ሕንፃና መረጃ፤ ምን ያህል? ለማን? መቼ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 ምሽት በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ በሀያት ሬጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የዳንስ ዝግጅት በመካሄድ ላይ ነበር። ከአዳራሹ በላይ በብረት ዘንጎች ከጣሪያው የተንጠለጠሉ የእግረኛ መተላለፊያዎች ነበሩ። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም በአራተኛው ፎቅ ከፍታ የነበረውና ከሥሩ በሁለተኛው ፎቅ ከፍታ የተንጠለጠለው፣ በድንገት ተደርምሰው በታች በነበረው ሕዝብ ላይ ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ቆሰሉ። ሆቴሉ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የአደጋውን መንስኤ ሲመረምር፣ ለመደርመሱ መነሻ የሆነው የብረቱ ጥራት ወይም የሠራተኛው የእጅ ሥራ ጉድለት እንዳልሆነ አረጋገጠ። የጎደለው ነገር በሚዛን የማይመዘን፣ በእጅም የማይዳሰስ ነበር። እርሱም መረጃ ነው።

በአሁኑ ዘመን አንድ ትልቅ ሕንፃ በኮንክሪትና በብረት ከመቆሙ በፊት በኮምፒዩተር ውስጥ በመረጃ ይቆማል። ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ቢ.አይ.ኤም.» ይባላል፤ ትርጉሙም «የሕንፃ መረጃ ሞዴል» እንደ ማለት ነው። (በአገራችን የግንባታ ቦታ «ቢም» ሲባል ሁሉም የሚረዳው አግዳሚውን ተሸካሚ ስለሆነ፣ እንዳንደናገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የመረጃ ሞዴል» እያልን እንቀጥላለን።) ስለዚህ አሠራር ብዙ ጊዜ የሚነገረው በስክሪን ላይ ስለሚታየው ውብ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከምስሉ በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ መመርመር ነው። በሞዴሉ ውስጥ ምን ያህል መረጃ ይቀመጥ? ለማን? መቼስ ነው የሚያስፈልገው?

የሁለት ጀሪካኖች ፊዚክስ

በመጀመሪያ የካንሳስ ሲቲውን ጉዳይ በአንድ ቀላል ምሳሌ እንመልከት። ውኃ የተሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች አሉን እንበል። የእያንዳንዱ ክብደት ወደ 200 ኒውተን ይጠጋል። ከጣሪያ አንድ ረጅም ገመድ አውርደን ሁለቱንም፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች፣ በየራሳቸው እጀታ በዚያው ገመድ ላይ ብናስራቸው እያንዳንዱ እጀታ የሚሸከመው የራሱን ጀሪካን 200 ኒውተን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ገመዱን ለሁለት እንቁረጠው። የላይኛውን ጀሪካን በመጀመሪያው ገመድ ከጣሪያ እናንጠልጥል፤ የታችኛውን በሁለተኛው ገመድ ከላይኛው ጀሪካን ሥር እናንጠልጥል። ጣሪያው አሁንም የሚሸከመው 400 ኒውተን ነው፤ ለእርሱ የተለወጠ ነገር የለም። የላይኛው ጀሪካን እጀታ ግን አሁን የሚሸከመው 400 ኒውተን ሆኗል። ጭነቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

በካንሳስ ሲቲ የተፈጸመው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት ሁለቱም መተላለፊያዎች በአንድ ወጥ ረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። በዚህን ያህል ረጅም ዘንግ ላይ ዳዶው የሚዞርበትን ጥርስ ማውጣትና ጥርሱንም ሳይጎዱ ዘንጉን መትከል አስቸጋሪ በመሆኑ ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል ተደረገ። በዚህም ምክንያት በአራተኛው ፎቅ አግዳሚ ብረት ሥር የነበረው ዳዶ፣ አንዱ መተላለፊያ በዘንጉ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት «ክ» ብንለው፣ ከ1ክ ወደ 2ክ ተሸጋገረ። መርማሪዎቹ በኋላ እንዳሰሉት የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የግንባታ ሕግ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም 60 በመቶውን ብቻ የሚያሟላ ነበር። ለውጡ ይህን ጉድለት አባባሰው።

ይህን ስሌት የመሰናዶ ተማሪ ሳይቀር በአንድ ገጽ ሊሠራው ይችላል። ታዲያ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንዴት ሳያዩት ቀሩ? መልሱ የሚገኘው በመረጃው አካሄድ ላይ ነው። የመዋቅር መሐንዲሶቹ በንድፋቸው ላይ ያሳዩት መገጣጠሚያ በአምራቹ ድርጅት በኩል ገና በዝርዝር የሚሠራ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በአምራቹ በኩል የነበሩት ደግሞ መገጣጠሚያው በመሐንዲሶቹ ተሰልቶ ያለቀ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በመሆኑም ማንም አላሰላውም። ለውጡን የያዘው ዝርዝር ንድፍም የመሐንዲሱ የማጽደቂያ ማኅተም አርፎበት ወደ ሥራ ገባ። በወረቀቱ ላይ ዘንጉም፣ ዳዶውም፣ ሮንዴላውም በትክክል ተስለዋል። ያልተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ይህ ሥዕል ገና ያልተሰላ ሐሳብ ነው ወይስ ያለቀ ውሳኔ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

መረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክሎድ ሻነን የተባሉት አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት የመረጃን መጠን የሚለካ ቀመር አቅርበዋል። የሐሳባቸው መሠረት ቀላል ነው፤ መረጃ ማለት ጥርጣሬን የሚቀንስ ነገር ነው። አንድ መልእክት ከመድረሱ በፊት እኩል ዕድል ያላቸው 2 አማራጮች ከነበሩና መልእክቱ አንዱን ከለየ 1 ቢት መረጃ ሰጥቷል። 8 አማራጮች ከነበሩ ደግሞ 3 ቢት ይሆናል፤ ምክንያቱም 8 ማለት 2 ለራሱ 3 ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው።

ይህን ወደ ግንባታ እናምጣው። ለአንድ አግዳሚ ብረት እኩል ዕድል ያላቸው 8 ዓይነት መጠኖች ቢኖሩ፣ «አራተኛውን ዓይነት ተጠቀም» የሚል ትእዛዝ 3 ቢት መረጃ ይዟል። ነገር ግን ሥራ ተቋራጩ የሕንፃው አግዳሚዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያው ትእዛዝ በ100 ገጽ ተደጋግሞ ቢጻፍ እንኳ የሚጨምርለት መረጃ ዜሮ ነው። እንግዲህ የፋይል ትልቅነትና የመረጃ ብዛት አንድ አይደሉም። የበር እጀታን ጠመዝማዛ ሁሉ በዝርዝር የሚያሳይ ሞዴል የኮምፒዩተሩን ማኅደር ያጨናንቅ ይሆናል እንጂ የአንድንም ሰው ጥርጣሬ ላይቀንስ ይችላል።

በሌላ በኩል የሻነን ቀመር የማይነካው ነገር እንዳለ እርሳቸው ራሳቸው በግልጽ አስቀምጠዋል። ቀመሩ የመልእክቱን ትርጉም አይመለከትም። ለአንድ የግንባታ ሥራ ግን ትርጉሙ፣ ማለትም መረጃው የትኛውን ውሳኔ እንደሚያስወስን ማወቅ፣ ዋናው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «መረጃ» ስንል የአንድን የታወቀ ሰው፣ በአንድ በታወቀ ጊዜ፣ ስለ አንድ በታወቀ ውሳኔ ያለውን ጥርጣሬ የሚቀንስ ነገር ማለታችን ይሆናል።

ከመስመር ወደ ዕቃ

በወረቀት ንድፍ ላይ ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ግድግዳ መሆናቸውን የሚያውቀው አንባቢው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። መስኮት ቢቀየር ለውጡ በወለል ንድፉ፣ በፊት ለፊት ዕይታው፣ በቁራጭ ንድፉና በመስኮቶች ሠንጠረዥ ላይ በየብቻው መታረም አለበት። ከአራቱ አንዱ ቢረሳ ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ኢስትማን ይህን ችግር ለመፍታት በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሕንፃን በመስመር ሳይሆን በዕቃዎች ስብስብ የሚገልጽ የኮምፒዩተር ሥርዓት አቀረቡ። በዚህ አስተሳሰብ ግድግዳ የራሱ ውፍረት፣ ቁመትና የተሠራበት ነገር ያለው አንድ አካል ነው፤ በሩም የዚያ ግድግዳ መሆኑ ተመዝግቧል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ በሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የክፍሉ ስፋትም ራሱን ያስተካክላል። ወለሉም ሆነ ቁራጩ ከአንዱ ሞዴል የሚወጡ ዕይታዎች ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ቫን ኔደርቬንና ቶልማን የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች «የሕንፃ መረጃ ሞዴል» የሚለውን ስያሜ በጥናታቸው ተጠቀሙበት። የጥናታቸውም ጉዳይ አንዱን ሕንፃ የተለያዩ ባለሙያዎች በተለያየ ዓይን የሚያዩት መሆኑ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ድግግሞሽ ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም። ሻነን እንዳሳዩት በመልእክት ውስጥ ያለ ድግግሞሽ መልእክቱን ከሁከት ይጠብቀዋል። በወረቀት ዘመን የወለሉ ንድፍ የበሩን ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ሲል ሠንጠረዡ 80 ካለ፣ ፎርማኑ ልዩነቱን አይቶ ይጠይቅ ነበር። በመረጃ ሞዴል ግን ቁጥሩ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተት ከሆነም በሁሉም ዕይታ ላይ በአንድ ዓይነት መልክ ይሳሳታል። የሰነዶች መስማማት የእውነት ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። በመሆኑም ከሞዴሉ ውጭ የሆነ ሆን ተብሎ የሚደረግ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በሕግ የተወሰነውን የመውጫ በር ስፋት ከሞዴሉ ቁጥሮች ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም፣ ወይም በሌላ ሰው እጅ ከመጀመሪያው የሚሠራ ስሌት።

የ500 በሮች ሒሳብ

500 በሮች ያሉትን አንድ የሆስፒታል ሕንፃ በሐሳባችን እንሣል። ለእያንዳንዱ በር 40 ዓይነት መረጃ እንዲሞላ ቢታዘዝ በጠቅላላው 20,000 ቦታዎች ይሞላሉ። አንዱን ለመሙላት 1 ደቂቃ ቢፈጅ ሥራው 333 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ8 ሳምንት በላይ ይወስዳል። ከ100 አንዱ ቢሳሳት 200 የተሳሳቱ ቁጥሮች በሞዴሉ ውስጥ ይደበቃሉ። ለውሳኔ የሚያስፈልጉት 8ቱ ብቻ ከሆኑ ግን 4,000 ቦታዎች፣ 67 ሰዓት ገደማና 40 ስሕተቶች ይሆናሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ የማያስፈልግ መረጃ መጠየቅ ጊዜን ከማባከን አልፎ አስፈላጊው መረጃ የሚታመንበትን ደረጃም ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ነው።

ታዲያ የትኞቹ 8? ይህ በጠያቂው ይወሰናል። አርክቴክቱ የበሩን ስፋትና የሚከፈትበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። የእሳት አደጋ መከላከያ ባለሙያው በሩ እሳትን ለስንት ደቂቃ እንደሚቋቋም ማወቅ ይሻል። ገጣጣሚው የማጠፊያውን ዓይነት ይጠይቃል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የጥገና ክፍሉ የአምራቹን ስምና ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ይፈልጋል። በር አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን አራት ነው፤ አራቱም የሚነሡት በተለያየ ጊዜ ነው።

ይህን ሥርዓት ለማስያዝ የተደረጉ ሁለት ዋና ዋና ጥረቶችን እናንሣ። የመጀመሪያው «የዕድገት ደረጃ» የሚባለው ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የውል ሰነድ የሞዴሉን ክፍሎች ከ100 እስከ 500 በአምስት ደረጃዎች መደበ። 100 ሐሳብ ብቻ ነው፤ 200 በግምት የተቀመጠ መጠን፤ 300 የተወሰነ መጠንና ቦታ፤ 400 ለማምረት የሚበቃ ዝርዝር፤ 500 ደግሞ በቦታው ተሠርቶ የተረጋገጠ ነው። በኋላም በክፍሎች መካከል ያለውን መገናኛ የሚመለከት 350 የሚባል ደረጃ ተጨምሯል። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ክፍል «በዚህ ላይ እስከ ምን ድረስ መተማመን ይቻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው። የካንሳስ ሲቲውን መገጣጠሚያ በዚህ አነጋገር ብንገልጸው፣ ለሣዩ 200 የነበረው ነገር ለአንባቢው 400 መስሎ ታይቷል ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው በአውሮፓ የደረጃዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «የመረጃ ፍላጎት ደረጃ» የተሰኘው መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ማንኛውም መረጃ ከመጠየቁ በፊት አራት ነገሮች እንዲታወቁ ያዝዛል፤ እነርሱም ለምን ዓላማ፣ በየትኛው የሥራ ምዕራፍ፣ ማን ለማን፣ ስለ የትኛው ዕቃ የሚሉት ናቸው። ከዚያ በኋላ የቅርጹ ዝርዝር፣ የፊደልና የቁጥር መረጃው እንዲሁም ተያያዥ ሰነዶቹ በየራሳቸው ይወሰናሉ። ቅርጹና መረጃው መለያየታቸው ትልቅ ነገር ነው። የውኃ ፓምፕ በሞዴሉ ውስጥ እንደ ተራ ሳጥን ተስሎ፣ ኃይሉ፣ ፍሰቱና የጥገና ጊዜው ግን በተሟላ ሁኔታ ሊመዘገብ ይችላል። ለጥገና ሠራተኛው ከውብ ምስል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ከየት ተነሥቶ ይለካል?

ቁጥር ብቻውን መረጃ አይደለም። ቁጥር መረጃ የሚሆነው መለኪያውና መነሻው ሲታወቅ ነው። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የማጣቀሻ ሥርዓት ያልተገለጸበት ፍጥነት ትርጉም እንደሌለው ያውቃል። ግንባታም እንዲሁ ነው።

በራይን ወንዝ ላይ የጀርመኗን ላውፈንቡርግና የስዊዘርላንዷን ላውፈንቡርግ የሚያገናኝ ድልድይ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አስገራሚ ነገር ታወቀ። የሁለቱ ወገን ከፍታዎች በ54 ሳንቲ ሜትር ተለያዩ። ጀርመን ከፍታን የምትለካው ከሰሜን ባሕር ተነሥታ ሲሆን ስዊዘርላንድ የምትለካው ከሜድትራኒያን ባሕር ተነሥታ ነው። በሁለቱ መነሻዎች መካከል የ27 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንዳለ መሐንዲሶቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ነገር ግን ማስተካከያው ሲደረግ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተገላበጠና ልዩነቱ ዜሮ በመሆን ፈንታ እጥፍ ሆነ። የመጠኑ መረጃ ነበር፤ የጠፋው የአቅጣጫው መረጃ፣ በሻነን ሒሳብ 1 ቢት ብቻ ነበር።

እኛም ከዚህ ዓይነቱ ችግር የራቅን አይደለንም። በኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለው የምድር ልኬት መነሻ ላይ ሲሆን፣ ከሳተላይት ቦታን የሚያነበው የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ግን በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ይሠራል። አንዱን ነጥብ በሁለቱ ብንለካው የምናገኛቸው ቁጥሮች ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ። አንዱ ሞዴል በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ተመሥርቶ ቢቀርብ መንገዱና ሕንፃው ሳይገናኙ ይቀራሉ።

የዘመን አቆጣጠራችንም ሌላ ምሳሌ ነው። በአንድ ሰነድ ላይ «05/04/2015» ተብሎ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2022 ነው። በአውሮፓ ልማድ ኤፕሪል 5፣ በአሜሪካ ልማድ ደግሞ ሜይ 4 ቀን 2015 ይሆናል። በመጀመሪያውና በቀሩት ሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት በላይ አለ። «ኮንክሪቱ በ3 ሰዓት ይሞላል» የሚል ማስታወቂያም ለአገሬው ጠዋት፣ ለውጭ አገር ባለሙያ ከቀትር በኋላ ወይም ከሌሊቱ ሊመስል ይችላል። የውጭ ተቋራጮችና አማካሪዎች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር በአንድ ሞዴል ላይ ሲሠሩ፣ የዘመን አቆጣጠሩና የሰዓቱ ዓይነት በሞዴሉ መጀመሪያ ላይ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው።

የጋራ ቋንቋ

አርክቴክቱ በአንድ ፕሮግራም፣ የመዋቅር መሐንዲሱ በሌላ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያዎች በየራሳቸው ፕሮግራም ይሠራሉ። 10 ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገሩ ቢፈለግ 90 ተርጓሚዎች ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም 10ሩ እያንዳንዳቸው ወደ 9 ሌሎች ይተረጉማሉ። ሁሉም የሚያውቁት አንድ የጋራ ቋንቋ ቢኖር ግን ለእያንዳንዱ አንድ መውጫና አንድ መግቢያ፣ በድምሩ 20 ይበቃሉ።

ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀው ክፍት ቋንቋ በምኅጻር «አይ.ኤፍ.ሲ.» ይባላል። ዝግጅቱ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። በ2024 የጸደቀው እትም ደግሞ ከሕንፃ አልፎ መንገድን፣ የባቡር ሐዲድን፣ ድልድይንና ወደብን ያካትታል። ፋይሉ የማንም ኩባንያ ምስጢር አይደለም፤ በተራ የጽሑፍ መክፈቻ እንኳ ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል።

የጋራ ቋንቋ አለመኖር ምን ያህል ያስከፍላል? የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት፣ በአገሪቱ የትላልቅ ግንባታዎች ዘርፍ ኮምፒዩተሮች በአግባቡ መረጃ ባለመለዋወጣቸው ምክንያት በ2002 የደረሰውን ኪሳራ 15.8 ቢሊዮን ዶላር አድርጎ ገምቶታል። ከዚህም ውስጥ 10.6 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው፣ የወደቀው በሕንፃዎቹ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነበር። ንድፉን የሠራው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ የጠፋውን መረጃ እንደገና ሲፈልግ የሚኖረው ግን ባለቤቱ ነው።

መረጃም ዕድሜና ማዕረግ አለው

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «አይ.ኤስ.ኦ. 19650» የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ የመረጃ አስተዳደርን ከባለቤቱ ጥያቄ ያስጀምረዋል። ባለቤቱ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ ለዚያ መልስ ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ፋይልም በጋራ ማኅደር ውስጥ ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ በመሠራት ላይ ያለ፣ ለባልደረቦች የተጋራ፣ ጸድቆ የወጣ፣ ወይም ለታሪክ የተቀመጠ። በመሠራት ላይ ያለን ነገር ከባለቤቱ ቡድን ውጭ ማንም እንደ ውሳኔ ሊወስደው አይችልም። ይህ ተራ የቢሮ ሥርዓት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሥዕል «ሐሳብ ነው ወይስ ውሳኔ?» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ የሚያደርገው ይህ ነው።

የመረጃ ሥራ በሕንፃው ምረቃ ቀን አያበቃም። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 በምዕራብ ለንደን ግሬንፌል ታወር በተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ በተነሣ እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ በፍጥነት የተስፋፋው ከዓመት በፊት በተጠናቀቀ እድሳት ወቅት በተለጠፈው፣ ውስጡ ፕላስቲክ በሆነ የአሉሚኒየም ሽፋን አማካይነት ነበር። ከአደጋው በኋላ መንግሥት ተመሳሳይ ሽፋን ያለባቸውን ሌሎች ሕንፃዎች ለመለየት ሲነሣ፣ ከግድግዳዎች ላይ ናሙና እየተቆረጠ ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ ማድረግ ግድ ሆነበት። ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ምን እንደተለጠፈ በመዝገብ ማረጋገጥ የማይቻልበት ሁኔታ ነበር ማለት ነው።

ዴም ጁዲት ሃኪት የመሩት የግንባታ ደንብ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከንድፍ ጀምሮ እስከ አገልግሎት ዘመን ፍጻሜ የማይበጠስ «ወርቃማ የመረጃ ክር» እንዲኖር አሳሰበ። በ2022 የወጣው የሕንፃ ደኅንነት አዋጅም በእንግሊዝ ቁመታቸው 18 ሜትር ወይም 7 ፎቅና ከዚያ በላይ ለሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች ይህን ሐሳብ ወደ ሕግ ለውጦታል። ክር መባሉ ተገቢ ነው። ክር ቀጭን ነው፤ ዋጋው ባለመበጠሱ እንጂ በውፍረቱ አይደለም። 20,000 ቦታዎችን ሞልቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም የማያድሰው ሞዴል፣ ጥቂት ቢሆኑም እየታደሱ ከሚኖሩ እውነቶች ያነሰ ነው።

ተማሪው ከዛሬ ምን ሊጀምር ይችላል?

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ውድ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። ፍሪካድ የተባለው ፕሮግራም፣ እንዲሁም ከብሌንደር ጋር አብሮ የሚሠራው ቦንሳይ፣ በነጻ የሚገኙና የአይ.ኤፍ.ሲ. ፋይል የሚከፍቱ ናቸው። አንድ ተማሪ የሚማርበትን ክፍል ለክቶ ሞዴሉን ቢሠራ፣ ከዚያም ለጓደኛው ሰጥቶ «ከዚህ ሞዴል ብቻ ተነሥተህ ለግድግዳው የሚያስፈልገውን ቀለም አስላ» ቢለው፣ የትኛው መረጃ እንደጎደለና የትኛው በከንቱ እንደተሞላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባዋል።

ከዚያም በፊት በላቦራቶሪ ደብተር የሚጀመር ልማድ አለ። የምንጽፈው ቁጥር ሁሉ ከአምስት ነገሮች ጋር ይሁን፤ መለኪያው፣ መነሻው፣ ቀኑ ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ የጻፈው ሰው ስም፣ እንዲሁም የተለካ ነው ወይስ የተገመተ የሚለው። አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ግምት ነውር የለበትም፤ ያለ ግምት ንድፍ አይጀመርም። አደጋው የሚመጣው ግምት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙን ለውጦ እንደተረጋገጠ እውነት ሲቆጠር ነው።

በአጠቃላይ የመረጃ ሞዴል ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል ማስገባት እንችላለን?» የሚለው አይደለም፤ ኮምፒዩተሮች የማስገባት ገደባችንን ከዓመት ወደ ዓመት እያነሡልን ነው። ጥያቄው «ማን፣ መቼ፣ ምን ለመወሰን ይፈልገዋል? በእርሱስ ላይ እስከ ምን ድረስ መተማመን ይችላል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ያለው ቀጭን ሞዴል ሕንፃን ያቆማል። መልስ የሌለው ሞዴል ግን የቱንም ያህል ቢያምር ሥዕል ብቻ ነው።